ሪዮሜትሩ 600 አለ፣ ቅንጣቶቹ 1 አሉ፤ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ «የኬሚስትሪ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የፖሊኢትሊን ኦክሳይድ (በውኃ የሚሟሟ ባለ ረጅም ሰንሰለት ፖሊመር) መፍትሔ እንዴት እንደሚፈስ በመግነጢሳዊ ናኖ ቅንጣቶች እያጠናሁ ነው። የፖሊመሩ ሞለኪውላዊ ክብደት 1 ሚሊዮን ነው፤ መፍትሔው 2 በመቶ። ቅንጣቶቹ 10 ናኖሜትር የሚሆኑ ማግኔታይት፣ ማለትም መግነጢሳዊ የብረት ኦክሳይድ ናቸው፤ ከብረት ጨዎች በአሞኒያ አዝቅጬ በሲትሬት የለበጥኳቸው ራሴ ነኝ። ከ10 ሄርዝ እስከ 1 ሜጋሄርዝ በሚሠራ መሣሪያ ለተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ የሚሰጡትን ምላሽ ለካሁ። በውኃም በፖሊመሩም ውስጥ ኩርባው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ዝልግልግነቱን (ቪስኮሲቲውን) ሳሰላው የውኃ ያህል፣ 1 ሚሊፓስካል ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ፈሳሹን እያዞረ ዝልግልግነቱን በሚለካው መሣሪያ፣ በሪዮሜትር ግን 600 ነው። በውኃው ኩርባ ላይ 2 ኪሎሄርዝ አካባቢ አንድ ትንሽ ጉብታ ነበረች፤ በፖሊመሩ ውስጥ ወደ 40 ሄርዝ ወረደች። ኖይዝ ነው ብዬ ሰርዣታለሁ። አማካሪዬ ‹ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ተበላሽቷል› ይላሉ። እኔ ደግሞ ቅንጣቶቹ ራሳቸው መፍትሔውን አወፍረውት እንዳይሆን እሰጋለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ሁለቱም መሣሪያዎች ደህና ናቸው። ችግሩ ያለው የቅንጣት ምርጫው ላይ ነው። ኖይዝ ነው ብለው የሰረዟት ጉብታ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ልፋት የተገኘች ብቸኛዋ እውነተኛ መረጃ ነች። ከሁሉ በፊት እሷን ወደ ቦታዋ ይመልሱ።

ምክንያቱን ላስረዳ። መግነጢሳዊ ቅንጣት ተለዋዋጭ መስክ ውስጥ ሲገባ የመግነጢስ አቅጣጫው መስኩን ለመከተል ይሞክራል። የሚከተልበት መንገድ ግን ሁለት ነው። በአንደኛው ቅንጣቱ መላ አካሉን ይዞ ይዞራል። ሲዞር በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ይገፋል፤ ፈሳሹ ወፍራም ከሆነ ይዘገያል። ይህ የብራውን መንገድ ይባላል። በሁለተኛው አካሉ ባለበት ቁጭ ብሎ በውስጡ ያለው የመግነጢስ አቅጣጫ ብቻ ይገለበጣል። ይህኛው የኔል መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1970 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለመው ፈረንሳዊ ሉዊ ኔል ነው። በኔል መንገድ ፈሳሹ ጭራሽ አይነካም። ውኃም ሆነ ማር፣ ለቅንጣቱ ለውጥ የለውም።

ጢም ብሎ የሞላ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። ዓይንዎን ብቻ ወደ መስኮቱ ቢያዞሩ ማንም አያውቅም። መላ ሰውነትዎን ካዞሩ ግን አጠገብዎ ያለው ሰው ይገፋል፣ እሱም መልሶ ይገፋዎታል። ታክሲው ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚታወቀው በሁለተኛው ነው። የእርስዎ ቅንጣቶች ዓይናቸውን ብቻ ነው ያዞሩት።

ቅንጣት ሁልጊዜ የሚሄደው በፈጠነው መንገድ ነው። የትኛው እንደሚፈጥን ደግሞ ማስላት ይቻላል። የ10 ናኖሜትር ማግኔታይት የኔል ጊዜ በክፍል ሙቀት ጥቂት ናኖ ሰከንድ ነው። ያው ቅንጣት ከነልባሱ 20 ናኖሜትር ቢሆን፣ በንጹሕ ውኃ ውስጥ መላ አካሉን ለማዞር 3 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። የኔሉ መንገድ በመቶዎች እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። ፖሊመር ሲጨመር ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ 1 ሚሊፓስካል ሰከንድ ያሉት ቁጥር ልኬት አይደለም። ኩርባው ከውኃው ኩርባ ካልተለየ የብራውን ቀመር «ይሄ ውኃ ነው» ከማለት ውጪ ምን ምርጫ አለው?

ይህን በእኔ ቃል ብቻ አይቀበሉት፤ በአንድ ከሰዓት በራስዎ እጅ ማረጋገጥ ይችላሉ። ጥቂት ቅንጣቶችን አድርቀው ከኤፖክሲ ሙጫ ጋር ይቀላቅሉና እንዲጠነክር ይተዉት። ያንን ጠጣር ነገር ይለኩ። ቅንጣቶቹ እዚያ ውስጥ መዞር አይችሉም። ምላሹ እንዳለ ከቀጠለ የኔል ነው። የጠፋው ክፍል ብቻ የብራውን ነው። ይህን ፍተሻ ሳያደርጉ ስለ ፖሊመር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይጻፉ።

አሁን ወደ ጉብታዋ እንምጣ። በአሞኒያ የማዝቀጥ ዘዴ እኩል መጠን ያላቸው ቅንጣቶችን ሰጥቶ አያውቅም። «10 ናኖሜትር» አማካይ ነው። ከብዙዎቹ መካከል 20 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ፍሬዎች ይገኛሉ፤ እርስ በርስ ተጣብቀው የቀሩ እጅብ ቅንጣቶችም አሉ። ዲያሜትር ከ10 ወደ 20 ሲያድግ ይዘቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ይህ 8 እጥፍ ቀመሩ ውስጥ ኤክስፖነንት ላይ ስለሚቀመጥ፣ ናኖ ሰከንድ የነበረው የኔል ጊዜ ወደ ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይዘልላል። እነዚህ ትልልቆቹ በኔል መንገድ መሄድ ስለሚያዘገያቸው መላ አካላቸውን ለማዞር ይገደዳሉ። ጉብታዋን የፈጠሩት እነሱ ናቸው።

ሒሳቡም ይገጥማል። በ25 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 2 ኪሎሄርዝ ላይ የምትቆም ጉብታ 60 ናኖሜትር ገደማ ዲያሜትር ካለው ነገር ነው የምትመጣው። ከ2,000 ወደ 40 ሄርዝ ወረደች ማለት መዞሪያው 50 እጥፍ ከበደ ማለት ነው። ውኃ በዚያ ሙቀት 0.89 ሚሊፓስካል ሰከንድ ስለሆነ፣ እነዚያ እጅብ ቅንጣቶች የተሰማቸው ዝልግልግነት 45 አካባቢ ነው። 1ም አይደለም፣ 600ም አይደለም።

ቀጣዩ ጥያቄ ለምን 45 ሆነ የሚለው ነው። የዚህ ሙያ ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው ያለው።

ብዙ ሰው ዝልግልግነትን የፈሳሹ አንድ ቋሚ ቁጥር አድርጎ ያስባል። ለውኃና ለግሊሰሪን ይህ ልክ ነው። ለፖሊመር መፍትሔ ግን አይሠራም። ተልባ ያስቡ። ተልባ ተዘፍዝፎ ሲያድር ውኃው ይዝለገለጋል። ያ የሚዝለገለገው ነገር ራሱ ፖሊመር ነው፤ ከፍሬው ልባስ የወጡ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች። የተፈጨው የተልባ ፍርፋሪ እዚያ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ቶሎ አይዘቅጥም። ስኳር ቢጨምሩበት ግን የሟሟው የስኳር ሞለኪውል በሰንሰለቶቹ መካከል ተሹለክልኮ ይሰራጫል፤ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ካለው ብዙም አይለይበትም። ብርጭቆው አንድ፣ መጠጡ አንድ፤ ለፍርፋሪው ወፍራም፣ ለስኳሩ ቀጭን ነው።

የእርስዎ መፍትሔ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። 1 ሚሊዮን ክብደት ያለው የፖሊኢትሊን ኦክሳይድ ሰንሰለት በውኃ ውስጥ ተጠቅልሎ ራዲየሱ 68 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ልቅ ድቡልቡል ይሠራል። እነዚህ ድቡልቡሎች እርስ በርስ መነካካት የሚጀምሩት 0.13 በመቶ ገደማ ላይ ነው። እርስዎ ያሉት 2 በመቶ ላይ ነው፤ ከዚያ 15 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሰንሰለቶቹ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብተው ተጠላልፈዋል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው እንደ መረብ ይሆናል፤ የመረቡ ዓይን ስፋት 9 ናኖሜትር አካባቢ ይመጣል። ይህን የመረብ ዓይን ከፖሊመሩ መጠን ጋር ያያዘውን ቀላል ሕግ የሰጠን ፒየር ዢል ደ ዤን ነው፤ የ1991 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ።

ከመረቡ ዓይን ያነሰ ነገር ውኃ ብቻ ነው የሚሰማው። ከድቡልቡሉ በጣም የሚበልጥ ነገር ሪዮሜትሩ የሚያየውን ሙሉውን 600 ይሰማዋል። በመካከል ያለው መካከል ላይ ያለ ቁጥር ያነባል። የእርስዎ 60 ናኖሜትር ከዓይኑ ይበልጣል፣ ከድቡልቡሉ ሙሉ ስፋት ግን ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ 45 ማንበቡ የሚያስደንቅ አይደለም፤ 600 ቢያነብ ነበር የምጠራጠረው። ለማይጣበቁ ቅንጣቶች ይህን ሦስት ደረጃ በዝርዝር ያሰሉት ካይ፣ ፓንዩኮቭና ሩቢንስታይን ናቸው፣ በ2011። በሙከራ ደግሞ በጀርመን ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ የአኔት ሽሚት ቡድን፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የካርሎስ ሪናልዲ ቡድን መግነጢሳዊ ቅንጣቶችን ፖሊመር መፍትሔ ውስጥ አዙረው መጠን ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይተዋል። አማካሪዎ መሣሪያ ተበላሽቷል ካሉ እነዚህን ሥራዎች አብረው ያንብቡ።

ዘዴው አዲስ ፋሽን እንዳልሆነም ልንገርዎት። በ1922 ፍሮይንድሊኽና ዛይፍሪትስ ጥቃቅን የኒኬል ፍሬዎችን ጄላቲን ውስጥ ከትተው በማግኔት እየሳቡ በማይክሮስኮፕ ይመለከቱ ነበር። በ1950 ፍራንሲስ ክሪክና አርተር ሂዩዝ ያንኑ በጫጩት ሴል ውስጥ አደረጉ። ያው የዲኤንኤውን ቅርጽ ከሦስት ዓመት በኋላ ያገኘው ክሪክ ነው። ያኔ ፍሬዎቹ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ነበሩ። ዛሬ ቅንጣቱ ወደ ናኖ ስለወረደ ከሰንሰለቱ ጋር ተካከለ፤ ጥያቄውም ተቀየረ። «ፈሳሹ ምን ያህል ወፍራም ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ለዚህ መጠን ላለው ነገር ምን ያህል ወፍራም ነው?» ሆነ።

45 እና 600ን ጎን ለጎን ከማስቀመጥዎ በፊት ግን ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ሁለቱ ቁጥሮች የተለኩት በአንድ ፍጥነት አይደለም። 600 ያገኙት ሪዮሜትሩ በጣም በዝግታ ሲዞር ይመስለኛል። ጉብታዎ ያለችው ግን 40 ሄርዝ ላይ ነው፤ በሰከንድ 250 ራዲያን ገደማ። የተጠላለፉ ሰንሰለቶች በዝግታ ሲገፏቸው ተፈታትተው ይፈሳሉ። በፍጥነት ሲገፏቸው መፈታቻ ጊዜ ስለማያገኙ እንደ ላስቲክ ይመልሳሉ፤ ዝልግልግነቱም ይወርዳል። ስለዚህ በ45 እና በ600 መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ የፍሪኩዌንሲ ነው። ሪዮሜትሩን በማወዛወዝ ሁኔታ ላይ ያድርጉትና በተቻለ መጠን ወደ ላይ ይውጡ። በሰከንድ 100 ራዲያን ላይ ቢያቆምብዎት በቋሚ ሺር፣ ማለትም ንብርብር በንብርብር ላይ እየተንሸራተተ የለኩትን ኩርባ በኮክስና ሜርዝ ደንብ አያይዘው ያራዝሙት። ደንቡ በማወዛወዝና በቋሚ ሺር የሚለካው ዝልግልግነት በእኩል ፍጥነት ላይ እኩል ነው ይላል፤ ለእንዲህ ዓይነት ቀጥ ያለ ሰንሰለት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ያንን ሳያደርጉ «ቅንጣቱ 13 እጥፍ ዝቅ አድርጎ ለካ» ብለው ቢጽፉ ፈታኙ የመጀመሪያው ጥያቄ ያደርገዋል። ደግሞም ላስቲክነት ባለው ፈሳሽ ውስጥ የጉብታዋን ጫፍ ብቻ አንብቦ ዝልግልግነት ማስላት ሻካራ ግምት ነው። ትክክለኛው መንገድ ሙሉውን ኩርባ፣ ከመስኩ ጋር እኩል የሚሄደውንም ወደ ኋላ የሚቀረውንም ክፍል፣ በአንድ ላይ መግጠም ነው።

ቅንጣቶቹ መፍትሔውን አወፍረውት ይሆን ወይ ላሉት፣ በዚህ አይስጉ። አንስታይን በ1906 ባወጣውና በ1911 ባረመው ቀመር መሠረት በይዘት 0.1 በመቶ ቅንጣት ዝልግልግነትን የሚጨምረው 0.25 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ሪዮሜትርዎ አያየውም። ይህ ፍርሃት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማግኔት ሲቀርብላቸው ከሚጠነክሩት ዘይቶች ጋር ከመቀላቀል ነው። እነዚያ በማይክሮሜትር የሚለኩ የብረት ፍሬዎችን በይዘት ከ20 እስከ 40 በመቶ የያዙ ናቸው፤ ለፍሬንና ለሾክ አብዞርበር ይውላሉ። እርስዎ ያለዎት ጥቂት ቅንጣት በብዙ ፈሳሽ ውስጥ ነው።

ሊሰጉ የሚገባው የቅንጣቱን ገጽ ነው። የመዞሪያ ጊዜ የሚወሰነው በይዘት ስለሆነ ዲያሜትር ላይ ያለ ትንሽ ስሕተት ሦስት ጊዜ ይባዛል። ፖሊመሩ ቅንጣቱ ላይ ተጣብቆ ራዲየሱን ከ30 ወደ 35 ናኖሜትር ቢያሳድገው፣ ፈሳሹ ሳይለወጥ ዝልግልግነቱ 60 በመቶ ያህል የጨመረ ይመስላል። ፖሊመሩ ጨርሶ የማይወደው ገጽ ደግሞ ተቃራኒውን ያመጣል። ሰንሰለቶቹ ከቅንጣቱ ይሸሹና ዙሪያውን ቀጭን የውኃ ሽፋን ይተዉለታል፤ ዝልግልግነቱ ያነሰ ይመስላል። ሽሽቱ ከጠነከረ ቅንጣቶቹን ራሳቸውን አንዱን ወደ ሌላው ይገፋና ያጣብቃቸዋል። ሲትሬት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ቀጭን ልባስ ነው። ሲሊካ ልባስ ይጠቀሙ የሚልዎት ሰው ይኖራል፤ ለሌላ ፖሊመር ጥሩ ምክር ነው፤ ፖሊኢትሊን ኦክሳይድ ግን ሲሊካ ላይ በደንብ ይጣበቃል። ለእርስዎ መፍትሔ እሺ አይበሉ።

ብረት ፖሊኢትሊን ኦክሳይድን እንደሚበላውም ይወቁ። ከቅንጣቱ የሚሟሟ የብረት አዮን አየር ባለበት ሰንሰለቱን ቀስ በቀስ ይበጣጥሳል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዓርብ ዕለት በመስታወት ዘንግ ሲነካ እንደ ክር የሚሳብ መፍትሔ ነበር። ቅንጣት ጨምሬበት መስኮት አጠገብ ቀረ። በሳምንቱ ያንኑ ዘንግ ሳነሣው ክሩ የለም፤ ጠብ ጠብ ይላል። ያን ሳምንት የለካሁትን በሙሉ እንደገና መለካት ነበረብኝ። ስለዚህ ቅንጣት ከጨመሩ በኋላ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለክተው ይጨርሱ። መጨረሻ ላይ ያንኑ ናሙና ሪዮሜትር ላይ መልሰው ያስቀምጡት። 600 የነበረው 400 ከሆነ ሰንሰለቱ ተበጥሷል።

አዘገጃጀቱንም አይናቁት። ዱቄቱን በአንዴ ውኃው ላይ ከገለበጡት እንደ ገንፎ ይጓጉላል። ጓሉ ውጪው ረጥቦ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ለቀናት ይቆያል። ውኃውን እያሽከረከሩ ጥቂት ጥቂት ይነስንሱ፤ ከገባ በኋላ ፍጥነቱን ቀንሰው አንድ ሁለት ቀን በዝግታ ይተዉት። ይሟሟልኝ ብለው በኃይል ከመቱት ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች ይቆረጣሉ።

አሁን ምን ያድርጉ ወደሚለው እንሂድ። ማግኔታይቱን ይተዉት። ኮባልት ፌራይት፣ ማለትም የኮባልትና የብረት ኦክሳይድ ይሥሩ። የአዘገጃጀቱ መንገድ የሚያውቁት ዓይነት ነው፤ በሁለት ቫሌንት ብረት ቦታ የኮባልት ጨው ይገባል፣ አልካሊው ጠንከር ይላል፣ ማሞቅም ያስፈልጋል። የኮባልት ፌራይት መግነጢስ ከክሪስታሉ ጋር የተሳሰረበት ጥንካሬ ከማግኔታይት በ10 እጥፍና ከዚያ በላይ ይበልጣል። 10 ናኖሜትሩ እንኳ የኔል ጊዜው ከደቂቃ በላይ ይሄዳል። መስኩን ለመከተል መላ አካሉን ከማዞር ሌላ አማራጭ የለውም። 12 እስከ 15 ናኖሜትር እምብርት፣ ማለትም ያለ ልባሱ ያለው መግነጢሳዊ ክፍል፣ ይበቃዎታል። ከዚያ ካሳደጉት ቅንጣቶቹ ያለ መስክም እርስ በርስ ተሳስበው እንደ መቁጠሪያ ይሰለፋሉ። 15 ናኖሜትሩ ባዶውን ሲነካካ የመሳሳቡ ኃይል ከሙቀት ንዝረቱ ሦስት አራት እጥፍ ይደርሳል፤ 5 ናኖሜትር ልባስ ሲኖረው ከንዝረቱ በታች ይወርዳል። ልባሱ በኬሚካል ትስስር የተተከለ አጭር ፖሊኢትሊን ግላይኮል ይሁን፤ ሰንሰለቱ 5,000 ገደማ የሚመዝን። የኮባልት ጨው ግን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም። ጓንት አይለዩ፣ ዱቄቱን ንፋስ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ይመዝኑ፣ ፍሳሹን ማጠቢያ ውስጥ አይድፉ።

ፖሊመር ከመንካትዎ በፊት ግሊሰሪን ላይ ይለኩ። 60 በመቶ ግሊሰሪን ያለው ውኃ ከውኃ 10 እጥፍ ገደማ ይወፍራል፤ መረብ ደግሞ የለውም። ጉብታዎ 10 እጥፍ ወደ ታች መውረድ አለባት። ካልወረደች ቅንጣቱ አልተስተካከለም፤ ወደ ኋላ ይመለሱ። የቅንጣቱን ዲያሜትርም ከዚሁ ልኬት ያውጡት። በብርሃን ብትንትን የሚገኘው ዲያሜትር ለትልልቆቹ በጣም ያደላል፤ መግነጢሱ የሚያየውን ዲያሜትር አይነግርዎትም። መስኩን ከ1 ሚሊቴስላ በታች ያድርጉት፤ ከዚያ በላይ ቅንጣቱን መጎተት ይጀምራል። የናሙናውን ሙቀትም ይከታተሉ። ጠምዛዛው ሽቦ ሲቆይ ይሞቃል። አንድ ዲግሪ ለውጥ የውኃን ዝልግልግነት 2 በመቶ ገደማ ይቀይራል።

ከቻሉ ሦስት መጠን ያዘጋጁ፤ ከነልባሳቸው 25፣ 40 እና 60 ናኖሜትር ገደማ። ትንሿ ቅንጣት እምብርቱን በልባስ ብቻ ታገኛለች። ትልልቆቹ ብዙ እምብርት በአንድ ላይ ታሽጎባቸው ይሠራሉ። አንድ መጠን ብቻ ከለኩ አንድ ቁጥር ይዘው ይቀራሉ፤ የመረቡን ታሪክ አይነግርዎትም። ሦስቱን ሲደረድሩ ግን ዝልግልግነቱ ከመጠን ጋር እንዴት እንደሚወጣ ያያሉ። የሥራዎ ዋጋ እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን አይድከሙ። 200 ናኖሜትር ቅንጣት በውኃ ውስጥ ጉብታው 60 ሄርዝ አካባቢ ነው። 600 ባለው መፍትሔ ውስጥ ከ0.1 ሄርዝ በታች ይወርዳል። መሣሪያዎ ከ10 ሄርዝ በታች አያይም። ሙሉውን 600 በመግነጢስ ማየት ከፈለጉ መንገዱ ሌላ ነው። ቅንጣቶችን በመስክ አሰልፎና አጣብቆ በማይክሮሜትር የሚለካ ቀጭን ዘንግ መሥራት፣ ከዚያ ዘንጉን በሚሽከረከር መስክ እያዞሩ በማይክሮስኮፕ ማየት። መስኩ ቀስ ብሎ ሲዞር ዘንጉ እኩል ይከተላል። የሆነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ መከተል ያቅተውና ወደ ፊት ወደ ኋላ መወዛወዝ ይጀምራል። ያ ፍጥነት ዝልግልግነቱን ይሰጣል። በፓሪስ የዣን ፍራንስዋ ቤሬ ቡድን በዚህ ዘዴ በሕይወት ያለ ሴል ውስጥ ሳይቀር ለክቷል። የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕ፣ ካሜራና አራት ጠምዛዛ ሽቦዎች ናቸው። በሽቦ መጠምጠምና በድምፅ ማጉያ የሚሠራ ተማሪ በራሱ ሊገጥመው ይችላል። ውድ መሣሪያ ለሌለው ቤተ ሙከራ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይለወጥ አንድ ገደብ አለ። ጥያቄዎ ላይ «እንዴት እንደሚፈስ» ብለዋል። ቅንጣቱ የሚነግርዎት መፍትሔው ዕረፍት ላይ ሳለ በትንሹ ሲነካ ምን እንደሚመልስ ነው። በቱቦ ሲገፋ ምን ያህል እንደሚቀጥን፣ ሲሳብ ለምን ክር እንደሚሠራ፣ ሲሽከረከር ለምን በዘንጉ ላይ እንደሚወጣ አይነግርዎትም። እነዚያ በትልቅ ኃይል የሚመጡ ባሕርያት ናቸው፤ የሪዮሜትሩ ሥራ ናቸው። የሚፈልጉት እነሱን ከሆነ መግነጢሱን ዛሬውኑ ተወት አድርገው ሪዮሜትሩ ላይ ያተኩሩ። ምንም አያፍሩበት።

የእኔ ምክር ግን እንዳይተዉት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍዎን ርዕስ ከ«ፍሰት» ወደ «የተለያየ መጠን ላለው ቅንጣት የሚሰማ ዝልግልግነት» ይቀይሩ። መጀመሪያ የኤፖክሲውን ፍተሻ አሁን ባሉት ቅንጣቶች ያድርጉና ውጤቱን ለአማካሪዎ ያሳዩ። መሣሪያ አልተበላሸም የሚለውን ክርክር እሱ ይዘጋዋል። ቀጥሎ ኮባልት ፌራይቱን፣ ቀጥሎ ግሊሰሪኑን፣ ፖሊመሩን መጨረሻ። ከ2 በመቶው ሌላ 0.1 እና 0.5 በመቶ ያዘጋጁ፤ መረቡ ሳይኖርም፣ ሰፊ ሳለም ለማየት። የ40 ሄርዟን ጉብታ ደግሞ ከነጥሬ ዳታዋ፣ ከተለካችበት ቀንና ሙቀት ጋር በመዝገብዎ ላይ ያስፍሯት፤ አዲሶቹ የ60 ናኖሜትር ቅንጣቶች ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያነጻጽሩት ከእሷ ጋር ነው።